ሄቪ ሜታል ያስተከለው ድንኳን

ምክሩን ከፊት አስቀምጠዋለሁ፤ ትዕግሥት የሌለው አንባቢ ይህንኑ ይዞ ይሂድ። ዲላ ውስጥ፣ ጎረቤት ባለበት ሰፈር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጆሯችሁን ደፍናችሁ አትጩሁ። ትዕግሥት ያለው ደግሞ አረፍ ይበልና ለምን እንደጮህኩ ይስማ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያስተማረኝ ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት፤ ተማሪውም አስተማሪውም እኔ ስለነበርኩ ማርፈድ የሚባል ነገር አልነበረም። እንግሊዝኛን ሽፋኑ ከወለቀ መዝገበ ቃላት፣ የሱሪ አቆራረጥን ከተቀደደ ሱሪ ተማርኩ። በቤተ ክርስቲያናችን የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አባል ነኝ። የወጣቶችን ቀሚስ ርዝመት በሜትር ሳይሆን በዓይኔ እለካለሁ፤ አልሳሳትም፣ ሙያዬ ነው። ይህን ሁሉ የምደረድረው ቀጥሎ የምለውን ስትሰሙ ሰውየው ዱርዬ ነው እንዳትሉኝ ነው።

እኔ የሄቪ ሜታል ወዳጅ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በልጄ በሊድያ ነው። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ከትምህርት ስትመለስ ሱቅ ትመጣና ቁልፍ ትተክልልኝ ነበር። አንድ ጆሮዋ ሁልጊዜ በማዳመጫ የተደፈነ ነው። አንድ ቀን ሳብ አድርጌ አወጣሁትና የራሴ ጆሮ ላይ አደረግሁት። አሪቻ መንደር ያለ የቡና መፈልፈያ ማሽን በሙሉ ኃይሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የተነሳ መሰለኝ። ከማሽኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰውዬ ይጮሃል።

«ሊድያ፣ ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው?»

«እየዘፈነ ነው አባ።»

«ማን አስገድዶት?»

ሌላ አባት ቢሆን ስልኩን ይነጥቃል። እኔ ግን ሳላውቅ መከልከል አልወድም፤ አውቄ ነው የምከለክለው። ስለዚህ ፍርድ ቤት አቋቋምን። ዘፈኑ ሁሉ ቃል በቃል ይተረጎማል፤ እሷ ትተረጉማለች፣ እኔ በመዝገበ ቃላቴ አጣራለሁ፣ ከዚያ እፈርዳለሁ። በልቤ ውሳኔውን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ማስረጃ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ማስረጃው እምቢ አለ። የመጀመሪያው ዘፈን፣ ለእናቱ እመለሳለሁ ብሎ ምሎ ከመንደሩ የወጣ ወታደር ነው። «ሌላ አምጪ» አልኳት። ሁለተኛው፣ በትዕቢቱ ዙፋኑን ያጣ ንጉሥ ነው። ይህንን እኛ በሰንበት ትምህርት ነው የምናስተምረው። ሦስተኛው፣ በበረዶ ተራራ ላይ ችቦ ይዞ ወገኖቹን የሚፈልግ ሰው ነው። ጠጪ የለ፣ የሰው ሚስት የሚያማልል የለ፣ «ጥለሽኝ ሄድሽ» የለ። እኔ ሬዲዮ በከፈትኩ ቁጥር የሚሰማኝ ወንድ ሁሉ በአንዲት ሴት ተጥሎ ጎዳና ላይ የቀረ ነው። እነዚህ ግን ጸጉራቸው እስከ ወገባቸው፣ ሱሪያቸው ከቆዳ፣ ያውም ስፌቱ የላላ ሆኖ ሳለ፣ የሚጮሁት ስለ ታማኝነት ነው።

ሁሉም እንዲህ ነው ብዬ አልዋሽም። የሰይጣንን ስም የሚያንቆለጳጵሱ አሉ፤ እነሱን አባረርኩ። ሊድያ ልትከራከር ሞከረች።

«አባ፣ እነዚህ እኮ የምራቸውን አይደለም። ለማስፈራራት ነው።»

«እኔን ለማስፈራራት ሰይጣን አያስፈልግም፤ የዩኒፎርም ወቅት ይበቃኛል» አልኳት።

እንዲህ ስፈርድ ስፈርድ፣ አንድ ቀን ያለ ሊድያ፣ ያለ ፍርድ ቤት፣ ለብቻዬ እያዳመጥኩ ራሴን አገኘሁት። ዳኛው ከተከሳሾቹ ጋር ወዳጅ ሆኖ ነበር።

አሁን አስተያየት አለኝ። የቡድኖቹን ስም አልጠራም፤ አንዱን ብጠራ ሌላውን ለምን ተውከው የሚል ወጣት ሱቄ ድረስ መጥቶ ይሟገተኛል፣ ሱሪ ሳያሰፋም ይሄዳል። በጥቅሉ ግን እንዲህ ነው። የድሮዎቹ ሁለት ጊታር ይዘው አንዱን ዜማ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ ጎን ለጎን ሲሄዱ ድርብ ስፌት ነው፤ ብትጎትተው አይተረተርም። ከበሮ መቺው ሲደክመው ይሰማኛል። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና መርገጫ ስረግጥ የምውል ሰው ነኝና የሌላውን እግር ድካም አውቃለሁ። ያ ድካም ያለበት ዘፈን ይጥመኛል፤ ሰው ሠራው ማለት ነው።

አዲሶቹ ንጹሕ ናቸው። በጣም ንጹሕ። ከበሮው አይደክም፣ ጊታሩ አይስት፣ ዘፋኙ አይተነፍስ። በፋብሪካ የተሰፋ ሸሚዝ ይመስሉኛል፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ሰውየው የሌለበት። ፓወር ሜታል የሚባለው ወገን ደግሞ ኪቦርድ ያበዛል። ዘንዶ በገደሉ ቁጥር መዘምራን ይነሳሉ፤ አንድ ዘንዶ ለመግደል ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ያደርጋል? ግን ፍርደ ገምድል አልሁን፤ ተስፋ የሚባለውን ነገር እንደነሱ የሚጮህ የለም። ዝናብ ላይ ቆመው ፀሐይ ወጣች ይላሉ፤ ድምፃቸውን ስትሰማ ደግሞ ታምናቸዋለህ።

የማልሰማው ዓይነትም አለኝ። በየአልበሙ ውስጥ አይቀሬ የሆነ ቀስ ያለ ዘፈን አለ። ጊታሩ ብቻውን ይጀምራል፤ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሩቅ ሰው ያወራል። ሊድያ ከሄደች ጀምሮ ሱቅ ውስጥ ይህን መስማት ትቻለሁ። ሥራ ያበላሻል፤ የአንዱን ሱሪ እግር ከሌላው አስረዝሜ ቆርጫለሁ።

ሊድያ የሄደችው ድሬዳዋ ነው። ኤሌክትሪክ ተምራ ተመረቀችና እዚያ ቴክኒክ ኮሌጅ አስተማሪ ሆነች። በካርታ ላይ በሜትሬ ለካሁት፤ ካርታው ትንሽ ስለሆነ ነው እንጂ ሜትሩ አይበቃም ነበር። መናኸሪያ ስሸኛት መከርኳት። ውኃ አፍልተሽ ጠጪ፣ ሰው አትመኚ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ቤተ ክርስቲያን ፈልጊ። ምክር ስሰጥ አውቶቡሱ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በቴሌግራም አንድ ዘፈን ትልክልኛለች፤ እኔ አስተያየቴን በድምፅ እልካለሁ። የእኛ ቤት ናፍቆት የሚላከው በዚህ መንገድ ነው። «ቤዝ ጊታሩ አይሰማም» ስላት በልተሻል ወይ ማለቴ ነው። «ዘፋኙ ተቻኩሏል» ስላት ቶሎ ቶሎ ደውይ ማለቴ ነው። የሚገባት ይመስለኝ ነበር። እየቆየ ግን ዘፈኖቹ ተራራቁ። በሳምንት የነበረው በሁለት ሳምንት ሆነ፤ ከዚያ እሷም ዘፈኑም ጠፉ። እኔ አኮረፍኩ። ማኩረፌን ግን እንዳታውቅ ተጠነቀቅሁ፤ እንዲህ ያለ ኩርፊያ ደግሞ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ ነው።

«ልጅቷ ሥራ ላይ ናት» ትለኛለች ባለቤቴ። «አንተ ሽማግሌ ሆነህ ጩኸት ትጠብቃለህ።»

«ጩኸት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ስልክህን ስከፍተው ቤት የሚፈርስ ይመስለኛል።»

በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ጠዋት መልእክት መጣ። የጌዴኦ ዘመን መለወጫ፣ ዳራሮ፣ ደርሶ ነበርና ልቤ ዘለለ። እንዲህ ይላል፦ «አባ፣ ለዳራሮ አልመጣም፤ ፈቃድ አልሰጡኝም። ይቺን ስማት፣ እንዴት አየሃት?» ከሥሩ አንድ ዘፈን አለ።

ዘፈኑ የአዛውንቶች ነው። በወጣትነታቸው ዓለምን ያንቀጠቀጡ፣ አሁን ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች እንደገና ተሰብስበው የሠሩት። መጨረሻው ላይ ዘፋኙ አንዲት ቃል ይይዛል፤ ትርጉሟ «ወደ ቤት» ነው። ያቺን ቃል ይዞ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ይወጣል፤ ጊታሩ ደክሞት ሲቀር እሱ ይቀጥላል። ድምፁ ጫፍ ላይ ይሰነጠቃል። አዲሶቹ ቢሆኑ ያን ስንጥቅ በኮምፒዩተር ይጠግኑት ነበር። እነዚህ ትተውታል። እግዜር ይባርካቸው፣ ትተውታል።

መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። «ነይ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። «ናፍቀሽኛል» ብዬ ጀመርኩና እሱንም አጠፋሁት። እኔን የመሰለ አባት ይህን ቃል አፉ ውስጥ ሲያገኘው በከንፈሩ እንደያዘው መርፌ ነው፤ ወይ መትፋት ነው፣ ወይ መዋጥ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አልናገርም፤ ያቺን ቃል ራሴ ዘፍኜ እልክላታለሁ። በአስተያየት መልክ። ያኔ ክብሬም አይነካ፣ መልእክቱም ይደርሳል። ሐሳቡ እስካሁን ድረስ መጥፎ ሐሳብ አይመስለኝም፤ የተበላሸው አፈጻጸሙ ላይ ነው።

ባለቤቴ ወናጎ፣ እህቷ ዘንድ አራስ ጥየቃ ሄዳለች። ሱቁን ዘጋሁና ጓሮ ገባሁ። ጓሯችን እንሰቱ ከሰው በላይ ነው፤ በመሃሉ ቡናና አንድ አቮካዶ አለ። የእንሰት ቅጠል ሰፊ ስለሆነ መሃሉ የገባን ሰው ይሰውራል። ድምፅ እንደማይሰውር ግን ያኔ አላወቅሁም። በአሮጌው ስልኬ ዘፈኑን ከፍቼ ማዳመጫውን በሁለት ጆሮዬ ሰካሁ። በአዲሱ ስልክ የሊድያን ገጽ ከፈትኩ፤ ፎቶዋ ከላይ ፈገግ ብሏል። እንዳስተማረችኝ ጣቴን ወደ ላይ ስቤ ቀረጻውን ቆለፍኩት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ መዝሙር ሆነ። ሁለተኛው ሳል ሆነ። እንግዲህ የምመክራችሁ ምን መሰላችሁ፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያለ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም። እኔ ገና እያንሾካሾክሁ ይመስለኛል። ስለዚህ ጨመርኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ፣ ስለ አውቶቡሱ አሰብኩ። ያቺን ቃል ይዤ ወጣሁ፤ ዘፋኙ ጋ ደረስኩ፤ እሱን አልፌ ሄድኩ። ጫፉ ላይ አንድ ነገር ጉሮሮዬ ውስጥ ቀጭ አለ። እንባዬ ፈሰሰ።

ዓይኔን ስገልጥ እትዬ ዘነበች ፊት ለፊቴ ቆማለች። የጎን ጎረቤታችን ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የሽንኩርት ቢላዋ እንደያዘች። ከኋላዋ ገጀራ የያዘ ሰው አለ። ከአጥሩ ወዲያ የቆመች ባጃጅ፣ ከባጃጇ የወረዱ ተሳፋሪዎች፣ አጥር የዘለሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። እኛ ሰፈር ኡኡታ የሰማ ሰው ድስቱን እሳት ላይ ጥሎ ይሮጣል። ይህንን ግዴታ ኮሚቴ ላይ ደጋግሜ ያስተማርኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ትምህርቴን መያዛቸው ያኔ አላስደሰተኝም።

«የሊድያ አባት! ምን ሆንክ?» አለች እትዬ ዘነበች።

አፌን ከፈትኩ። የወጣው የተነፈሰ ጎማ ድምፅ ነው። ድምፄ የለም! ደግሜ ሞከርኩ፤ ነፋስ ብቻ። ለሊድያ ዘፈን እየላክሁ ነው ማለት ፈለግሁ፤ ስልኩን እያሳየሁ፣ በሙሉ ኃይሌ ታግዬ፣ ከሁሉም ቃል አንድ ብቻ አመለጠኝ።

«...ሊድያ...»

እትዬ ዘነበች ስልኩን አየች፤ የሊድያን ፎቶ አየች፤ እንባዬን አየች። ቢላዋዋን ጣለችና ደረቷን መታች።

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ ሊድያዬን!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስቆም የሚችል ፍጡር አልነበረም። ሴቶቹ ስሟን እየጠሩ ለቅሶውን አነሱት። «ስልኩን ውሰዱበት፣ እያየ ይጎዳል» ተባለና ብዙ እጆች ከእጄ አላቀቁት፤ በዚያ ግርግር የማን ጣት ምን እንደነካ የታወቀው በኋላ ነው። ሁለት ሰዎች በብብቴ ገብተው ወደ ቤት ወሰዱኝ። ማዳመጫው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ አዛውንቶቹ ገና ይዘፍናሉ።

ብዙ ሳይቆይ ጥሩምባው ተነፋ። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ጂግሶ ነው፤ ድምፁ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ጪጩ ድረስ ይሰማል ይባላል።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ልብስ ሰፊው፣ የሊድያ አባት፣ ልጃቸውን...»

ራሴን ነቀነቅሁ። «አይዞህ» አሉኝ። አብዝቼ ነቀነቅሁ። «ያዙት፣ ራሱን እንዳይጥል» አሉ። ጠመኔዬን ከኪሴ አወጣሁና ጥቁር ጨርቅ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «አልሞተችም»። የዕድሩ ዳኛ አቶ ተፈሪ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ጨርቁን ለሌሎቹ አሳየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ሁላችንም እንዲህ ነው ያልነው» አለ። «እናቴ ስታርፍ እኔም ሳምንቱን ሙሉ አልሞተችም ስል ነበር። ጻፍ ወንድሜ፤ ጻፍ፣ ይወጣልሃል።»

ደግሜ ጻፍኩ፦ «ዘፈን ነው!»

አቶ ተፈሪ አነበበ። «አዎ» አለ በረጅሙ ተንፍሶ፣ «ዘፈን ትወድ ነበር።»

ያቺ «ነበር» አንጀቴን ቆረጠችኝ። ሌላ ልጽፍ ስል ጠመኔው ተሰበረ።

ድንኳኑ ተተከለ። የዕድራችንን ፍጥነት የዚያን ዕለት በዓይኔ አየሁ፤ ካስማው፣ ሸራው፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ የንፍሮው ጎላ፣ ሁሉም እንደ አንድ ሰው ሠራ። የሰው ድካም የሚሰማበት ኦርኬስትራ ነበር፤ ከድሮዎቹ ወገን። የኮሚቴ ባልደረቦቼ መጥተው መዝሙር ጀመሩ። የመስጊዱ ሼህም መጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡና ጉልበቴን ያዙ። ይህን ሁሉ ሰው ለጩኸቴ ማንቀሳቀሴን ሳስብ አፈርኩ፤ በውስጤ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ጩኸቱ ጥሩ ሳይሆን አልቀረም አልኩ።

እስከዚህ ድረስ የሳቅ ነገር ነው። ከዚያ አንድ ብልህ ሰው «እስቲ ለማንኛውም ይደወልላት» አለ። ተደወለ። አላነሳችም። ተደገመ፤ መስመሩ አይገባም። ደዋዩ ስልኩን ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተና አንገቱን ደፋ።

እኔ የማውቀውን አውቃለሁ፤ ጠዋት መልእክት ልካልኛለች፣ ደህና ናት። ግን ድንኳን የራሱ ጉልበት አለው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ ስልክ ሳይነሳ ሲቀር፣ እነዚህ ሰዎች እኔ ያላወቅሁትን አውቀው ቢሆንስ ትላለህ። ጠዋት እንጂ አሁን አይደለም ትላለህ። አንድ ሰው መስመሩ እስኪገባ ድረስ የት ነው ያለው? እኔ ሳላውቀው፣ በዘፈን የተጀመረው እንባዬ እውነተኛ ሆኖ መፍሰስ ጀመረ።

እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ መሃል ሆና ስለ ሊድያ እያወራች ታለቅስ ነበር።

«በየሳምንቱ ትደውልልኝ ነበር። ‹እትዬ፣ አባ ሱቁ በር ላይ ተቀምጧል? ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው?› ትለኛለች። ‹ነው› ስላት፣ ‹በቃ፣ ካዳመጠ ደህና ነው› ትላለች። ‹ለምን ለራሱ አትደውዪም?› ስላት፣ ‹ድምፁን ስሰማ ሥራዬን ጥዬ መምጣት ያምረኛል› አለችኝ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ዘፈን አልላከችም ብዬ ባኮረፍኩበት ጊዜ ሁሉ በጎረቤት በኩል ስትጠብቀኝ ኖራለች። ከእኔ የወረሰችው ዓይኔን ብቻ ነው ሲሉኝ አምኜ ነበር፤ ለካ አንደበቴንም ወርሳለች።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ውጭ አዲስ ጩኸት ተሰማ። ባለቤቴ ከወናጎ ተመልሳ፣ መታጠፊያው ላይ ከባጃጅ ስትወርድ በደጇ ድንኳን አየች። የተሸከመችውን ቆጮ መሬት ላይ ወረወረች።

«ባሌን! ወየው ባሌን! ጠዋት ደህና ነበር እኮ!»

እያለቀሰች ገባች፤ ሴቶች ደገፏት። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ለቅሶዋ መሃል መንገድ ላይ ቆመ።

«ይኸው ተቀምጧል!»

ቀርባ ትከሻዬን ዳሰሰችኝ።

«አንተ አይደለህ እንዴ የሞትከው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ይህኛውን ንቅነቃዬን አመነችኝ፤ የትዳር ጥቅሙ ይህ ነው።

«ታዲያ ማን ነው?»

እትዬ ዘነበች «እንግዲህ... ሊድያ...» አለች።

«ሊድያ ምን?»

«እግዜር ያጽናሽ።»

«ሊድያን አሁን ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ አናግሬያት!» ብላ ጮኸች ባለቤቴ። «ጨቅጭቃ ልትገድለኝ ነበር! ‹እማ፣ አባ የላከልኝ ድምፅ ምንድን ነው? አንድ ሰው ይጮሃል፣ ከዚያ ሕዝብ ስሜን እየጠራ ያለቅሳል› ትለኛለች። ‹ያው ዘፈናችሁ ነው› ብያት ዘጋሁት። እኔ የናንተን ዘፈን ከለቅሶ መች ለይቼ አውቃለሁ!»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ንፍሮው ዞርኩ።

ያኔ የባለቤቴ ስልክ ጠራ። ሊድያ ናት። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እማ? አባ ደህና ነው? እትዬ ዘነበች ስታለቅስ ሰማኋት፣ ምንድን ነው?»

ከዚያ የሆነውን ዲላ ስትተርከው ትኖራለች። ሊያለቅስላት የመጣው ሰው ሁሉ ተሰልፎ ሰላም አላት። እትዬ ዘነበች «እንኳን ተነሳሽ ልጄ» አለቻት። ሼሁ መረቋት። አቶ ተፈሪ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሊድያ፣ ድንኳኑ ባንቺ ስም ነው የወጣው፤ እንዴት አድርጌ እንደምመልሰው ጨንቆኛል» አለ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ሊድያ። ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎባታል። «ያ ጩኸት የአባ ነው?»

«የሱ ነው» አለች ባለቤቴ። «ድምፁን ጨርሶት ተቀምጧል።»

«አባ፣ ስማኝ። ከጉሮሮህ ነው ያወጣኸው፤ ከሆድህ መሆን ነበረበት። ግን መጨረሻው ላይ የተሰነጠቀው... እሱን ደጋግሜ ሰማሁት። ለምን ጮህክ አባ?»

ሕዝቡም እሷም ጠበቁ። ይህን ያህል ሰው እኔን ለመስማት ተሰብስቦ አያውቅም፤ ድምፅ የሌለኝ ቀን ነው የተሰበሰበው። ጋሽ ጂግሶን በእጄ ጠራሁትና ጆሮው ሥር ጎንበስ ብዬ ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህንን ልበለው? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

በለው ለማለት ራሴን ነቀነቅሁለት።

ተነሳ። ልማድ ሆኖበት ደረቱን ነፋ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሊድያ! አባትሽ ናፍቀሽኛል ይላል! ቤቱ ባዶ ሆነብኝ ይላል! ነይ ይላል!» ካለ በኋላ ከራሱ ጨመረበት፦ «ቀንና ሰዓቱን ታሳውቂናለሽ!»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለን።

«ጋሽ ጂግሶ» አለች በመጨረሻ፣ «እውነት እሱ ነው ያለው? በአፉ?»

«እኔ ከየት አመጣዋለሁ ልጄ? ትንፋሹ ገና ጆሮዬ ላይ አለ።»

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማን። «ለዳራሮ አልችልም አባ። ፈቃድ ያልኩህ ውሸት አይደለም። ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ። እስከዚያ...» ደወል ተደወለ። «ክፍል ልገባ ነው። ስልኩን አልዘጋውም፣ ኪሴ ውስጥ አደርገዋለሁ። አንተም አትዝጋው።»

ስልኩን ከጠረጴዛው አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ኮቴዋ ተሰማ፤ በር ተከፈተ፤ ወንበሮች ወለሉን ፋቁት፤ የብዙ ወጣት ጫጫታ መጣ። ከዚያ ልጄ፣ እኔ ሰምቼው በማላውቀው ወፍራም ድምፅ፣ «ዝም በሉ!» አለች። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚያላምጠው ሁሉ አፉን ያዘ።

ማንም ተነስቶ አልሄደም። ስለ ሽቦ አስተማረች፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ፣ ካልተገናኘ ምን እንደሚሆን። አቶ ተፈሪ ራሱን እየነቀነቀ ይከታተላል። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ክንዴን ይዛለች። እኔ አንድም ነገር አልገባኝም። ልትጨርስ ስትቃረብ ግን ከክፍሉ ኋላ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ይደገምልን» አለ።

እግዚአብሔር ይስጠው።